ወሬ የሚያረዝሙ ፍቅረኞች

ቬነስ አዶኒስን መሬት ላይ አጋድማ ይዛዋለች። እሱ መነሳት ይፈልጋል። በማግስቱ ከጓደኞቹ ጋር ከርከሮ ለማደን ቀጠሮ አለው። እሷ የፍቅር አምላክ ነች፤ ይሄ ጎረምሳ ግን ጭራሽ ፊት ነስቷታል። ታዲያ ምን ታደርጋለች? ስለ ጥንቸል ታወራዋለች።

ቀልዴን አይደለም። የሼክስፒር ‹‹ቬነስ እና አዶኒስ›› 1194 ስንኞች አሉት። ከነዚህ ውስጥ 30 ያህሉ ዋት የሚባል አንድ ጥንቸል ከአዳኝ ውሾች እንዴት እንደሚያመልጥ የሚተርኩ ናቸው። ዋት ጠረኑ እንዲጠፋ ከበጎች መንጋ ጋር ይቀላቀላል። ይታጠፋል፣ ይመለሳል፣ የራሱን ዱካ ያቋርጣል። ሩቅ ኮረብታ ላይ ይወጣና በኋላ እግሮቹ ቆሞ ያዳምጣል። ተዉኝ ወይስ እየመጡ ነው? ከዚያ የውሾቹን ጩኸት ይሰማል። ጤዛ ያራሰው ምስኪን እንደገና መሮጥ ይጀምራል። እሾህ እግሩን ይቧጭረዋል፤ ጥላ ባየ ቁጥር ደንግጦ ይቆማል።

ቬነስ ጥንቸሉን ያመጣችው ለምክር ነበር። ‹‹ከርከሮ ይገድልሃል፤ ማደን ካማረህ ጥንቸል አድን፣ ቀበሮ አድን፣ ድኩላ አድን›› ልትለው ፈልጋ። ግን ወሬው አፏ ውስጥ እያለ ይለወጣል። ጥንቸል አድን ብላ ጀምራ ለጥንቸሉ አንጀቷ ይንሰፈሰፋል። የተጎሳቆለን ብዙ ሰው ይረግጠዋል፣ ማንም አያነሳውም እስከማለት ትደርሳለች። እንዲህ መምከር የእሷ ፀባይ እንዳልሆነም ራሷ ይታወቃታል። ከዚያ ድንገት ትባንንና ‹‹የት ላይ ነበርኩ?›› ትላለች። የአዶኒስ መልስ አጭር ነው። ‹‹የትም ሁኚ። ብቻ ልቀቂኝ፤ ታሪኩ ያኔ ደህና አድርጎ ያልቃል።››

ይህቺን ምልልስ በጣም እወዳታለሁ። ገጣሚው ከዋናው መንገድ ወጥቶ ቅያስ ውስጥ እንደገባ ያውቃል። አንባቢው እንደሰለቸው ያውቃል። አዶኒስን የሰለቸው አንባቢ አድርጎ እዚያው ግጥሙ ውስጥ አስገብቶታል። ‹‹ታሪኩ ያልቃል›› የሚለውን ግን ጠጋ ብላችሁ እዩት። ታሪኩ ሲያልቅ የሚሞተው ማን ነው? አዶኒስ ራሱ ነው። ከወሬው ተገላግሎ ተነስቶ ሄደ፤ ከርከሮው ጎኑን ቀደደው።

በአውሮፓ የህዳሴ ዘመን የተጻፉትን እነዚህን የፍቅር ትረካ ግጥሞች ያነበበ ሰው መጀመሪያ የሚያማርረው ይህንኑ ነው። ገጣሚው አይጨርስም። ሁለት ሰዎች ተያይተው ተፈላልገዋል፤ ገጣሚው ግን የቀሚስ ጥልፍ ይቆጥራል፣ የአማልክት ሐሜት ያመጣል፣ ፈረስ ያስፈረጥጣል። አንድ ጓደኛዬ ‹‹እነዚህ ሰዎች በስንኝ ብዛት ነበር እንዴ የሚከፈላቸው?›› ብሎኛል። እኔ ግን እላለሁ፦ መጨረሻውን ሁሉም ሰው በሚያውቀው ታሪክ ውስጥ ፍቅረኞቹ በሕይወት የሚኖሩት በቅያሱ ላይ ብቻ ነው። በ1590ዎቹ እንግሊዝ ውስጥ ትምህርት ቤት የገባ ልጅ ሁሉ የጥንቱን የሮም ገጣሚ ኦቪድን በላቲን ተገርፎ ነው የተማረው። አዶኒስ እንደሚሞት ያውቃል። በኋላ የምንደርስበት ሌላው ፍቅረኛ፣ ሊያንደር፣ ባሕር ውስጥ እንደሚሰጥም ያውቃል። ስለዚህ ‹‹ምን ይሆን?›› የሚለው ጥያቄ የለም። ያለው ‹‹ምን ያህል ይቆይልን?›› የሚለው ነው። እንግዳ ልንሸኝ ወጥተን በር ላይ የምንጀምረው ወሬ አለ አይደል? ሳሎን ውስጥ ከተወራው ይልቅ እሱ ይጥማል። መለያየቱ ስለማይቀር ነው የሚረዝመው።

ኦቪድ ራሱ ይህን ያውቅበታል። በ‹‹ሜታሞርፎሲስ›› 10ኛ መጽሐፍ ላይ ቬነስ አዶኒስ ደረት ላይ ተደግፋ የአታላንታን ተረት ትነግረዋለች። አታላንታ ሯጭ ነች። ሊያገባት የሚፈልግ ሁሉ ይወዳደራታል፤ ከተሸነፈ ይሞታል። ሂፖሜኔስ የሚባለው ወጣት ከቬነስ የተሰጡትን 3 የወርቅ ፖሞች ይዞ ገባ። እየሮጠ አንድ በአንድ ወደ ጎን ይወረውራል። እሷ ከመስመሯ ወጥታ ታነሳለች። በሦስተኛው ቀደማት። የሚገርመው ይህ ተረት ከአዶኒስ ከራሱ ታሪክ እጥፍ ይረዝማል። ደግሞም ተረቱ ራሱ ከመስመር ስለመውጣት ነው። አታላንታ ፖሙን ስታይ መስመሯን ትለቃለች፤ እኛም ተረቱን ስንሰማ የአዶኒስን ታሪክ እንለቃለን። ቬነስ ወርቅ ትወረውራለች፤ አዶኒስ ግን አታላንታን አይደለም። ተረቱ እንዳለቀ ተነስቶ ወደ አደኑ ሄደ።

ሼክስፒር የአታላንታን ተረት አውጥቶ ጣለው። በምትኩ ሁለት እንስሳ አስገባ። አንዱ ዋት ነው። ሌላው የአዶኒስ ፈረስ ነው። አዶኒስ አመልጣለሁ ብሎ ወደ ፈረሱ ሲሮጥ አንዲት ባዝራ ከቁጥቋጦ ብቅ ትላለች። ፈረሱ ልጓሙን በጥሶ ተከተላት። ከዚያ ስለ ፈረሱ አንገት፣ ስለ ጋማው፣ ስለ ኮቴው ረጅም መግለጫ ይመጣል። ይህ ማስጌጫ ብቻ ቢሆን ይሰለቻል። ግን ልብ በሉ፦ ፈረሱ ሄደ ማለት አዶኒስ መሄጃ አጣ ማለት ነው። ቅያሱ ሰውየውን እግር በእግር አስሮ አስቀመጠው። ጥንቸሉ ደግሞ በመታጠፍና በመዞር ነው ነፍሱን የሚያቆየው። ከርከሮው በተቃራኒው ፊት ለፊት ያገኘውን ሁሉ እየመታ ቀጥ ብሎ ይሄዳል። ቀጥታ መንገድ የገዳዩ ነው። ግጥሙ በ1593 ታተመ። በወረርሽኝ ምክንያት የለንደን ቲያትር ቤቶች ተዘግተው በነበሩበት ጊዜ። ያን ጊዜ ሞትን ትንሽ ማቆየት ለአንባቢው የሩቅ ነገር አልነበረም።

በዚያው 1593 ሌላው እንግሊዛዊ ገጣሚ ክሪስቶፈር ማርሎ ደትፈርድ በሚባል ቦታ በጩቤ ተወግቶ ሞተ። 29 ዓመቱ ነበር። ‹‹ሂሮ እና ሊያንደር›› የሚለው ግጥሙ ከሞቱ በኋላ በ1598 ወጣ። እኔን ብትጠይቁኝ በእንግሊዝኛ ከተጻፉት ከእነዚህ ግጥሞች ሁሉ የሚበልጠው እሱ ነው፤ ሼክስፒርም ይከተለዋል እንጂ አይቀድመውም።

ሂሮ ሴስቶስ በሚባል ከተማ የቬነስ ካህን ነች። ለፍቅር አምላክ ድንግልናዋን የሰጠች ሴት። ሊያንደር ይህ ነገር እንዴት እንደሚያስቅ ሊያስረዳት ብዙ ይለፋል። እሱ በባሕሩ ማዶ በአቢዶስ ይኖራል። በመካከላቸው ሄሌስፖንት አለ፤ ዛሬ ዳርዳኔልስ የምንለው ጠባብ ባሕር። የድሮው የግሪክ ገጣሚ ሙሴዎስ ታሪኩን ባጭሩ ነግሮታል፦ ማታ ማታ የሂሮን መብራት እያየ ይዋኛል፤ አንድ ሌሊት ነፋስ መብራቱን አጠፋው፤ ሰጠመ። ማርሎ ግን አይቸኩልም። ሂሮን ሲያስተዋውቀን ከአለባበሷ ይጀምራል። ቀሚሷ ላይ ለእሷ ሲሉ የሞቱ ወንዶች የደም ነጠብጣብ አለ። ጫማዋ ላይ ከወርቅና ከዕንቁ የተሠሩ ባዶ ድንቢጦች ተቀምጠዋል፤ ውሃ ሲሞላባቸው ስትራመድ ይንጫጫሉ። እንደዚህ ያለ ጫማ ያደረገች ካህን በጸጥታ ወደ ቤተ መቅደስ ልትገባ አትችልም።

ሁለቱ ከተዋወቁ በኋላ የቬነስ ልጅ ኩፒድ ወደ ዕጣ አማልክቱ ሄዶ ‹‹እነዚህን ባርኩልኝ›› ይላል። እምቢ አሉት። ለምን? ማርሎ ‹‹ትንሽ አዳምጡኝ፣ ልንገራችሁ›› ይልና ረጅሙን ቅያስ ይከፍታል። የአማልክት መልእክተኛው መርኩሪ አንዲት የገጠር ልጅ ወደደ። ልጅቷ ቀላል አይደለችም፤ አማልክት የሚጠጡትን መጠጥ አምጣልኝ አለችው። ሰርቆ አመጣላት። የአማልክት አለቃው ጆቭ ተቆጣ። መርኩሪ ደግሞ ለመበቀል የኩፒድን እርዳታ ጠየቀ። ኩፒድ ዕጣ አማልክቱን በመርኩሪ ፍቅር አሳበዳቸው። የሰውን የዕድሜ ክር የሚቆርጡበትን ቢላ ሳይቀር ሊሰጡት ተዘጋጁ። እሱ ግን ጆቭን ከዙፋን አስወረዳቸው፤ ከጆቭ በፊት የነገሠው ሳተርን ተመለሰ፤ ዓለም ለጥቂት ጊዜ ሰላም ሆነ። ከዚያ መርኩሪ ፍቅራቸውን ናቀ። ተናደዱ። ጆቭን መለሱት፤ መርኩሪንም ድህነት አይለይህ ብለው ረገሙት።

መርኩሪ የዕውቀት አምላክ ስለሆነ፣ ይላል ማርሎ፣ የተማረ ሰው ሁሉ እስከ ዛሬ ድሃ ነው። ወርቁ ወደ ደንቆሮው ይሮጣል። እንግዲህ ይታያችሁ፤ ‹‹ሁለቱ ፍቅረኞች ለምን ዕድል አጡ?›› ብለን ጠይቀን የምሁራን የደመወዝ ጥያቄ ላይ ደረስን። የካንተርበሪ ጫማ ሰሪ ልጅ፣ ካምብሪጅን በነጻ የትምህርት ዕድል የተማረ ሰው የጻፈው መሆኑን ስታውቁ ሳቃችሁ ትንሽ ይመራል። ይህ ተረት ሙሴዎስ ዘንድ የለም። ማርሎ ከራሱ ያመጣው ነው። እናም የሂሮና የሊያንደር ሞት ከዚህ በኋላ የሆነ የአማልክት ኩርፊያ ውጤት ሆኖ ይቀራል። ትልቁ ኀዘን በትንሽ ሐሜት ላይ ቆሟል። ማርሎ ዓለምን የሚያየው እንዲህ ነው መሰለኝ።

ሁለተኛው ቅያስ ባሕር ውስጥ ነው። ሊያንደር ወደ ሂሮ ሲዋኝ የባሕር አምላክ ኔፕቱን አየውና የጆቭ አሳላፊ የሆነው ቆንጆው ጋኒሜድ መሰለው። ወደ ባሕሩ ወለል ጎትቶ አወረደው። ልጁ ሊሞት ሲል ሰው መሆኑ ገባውና ወደ ላይ አወጣው። ከዚያ በእያንዳንዱ ቀዘፋ መካከል እየገባ ያሽኮረምመዋል። ‹‹ተሳስተሃል፤ እኔ ሴት አይደለሁም›› ይላል ሊያንደር። ኔፕቱን ፈገግ ብሎ ስለ አንድ እረኛ ተረት ይጀምርለታል። ሊያንደር ግማሹን እንኳ ሳይሰማ ‹‹ወይኔ መሸብኝ!›› ብሎ ዋናውን ቀጠለ። በቅያስ ውስጥ ሌላ ቅያስ ተከፍቶ ሳያልቅ ተዘጋ። ሳቅ አለበት፤ ግን የሚያስፈራም ነገር አለበት። ሊሰጥም የተጻፈበት ልጅ በማርሎ ግጥም ውስጥ የሚሰጥመው እዚህ ብቻ ነው፤ ለቀልድ፣ ለጥቂት ደቂቃ። ማርሎ የጻፈው ክፍል ሁለቱ አብረው ባደሩበት ጠዋት ላይ ያበቃል። አታሚው ‹‹የሚጎድል ነገር አለ›› የሚል የላቲን ማስታወሻ ከሥሩ አኖረበት። በዚያው ዓመት ጆርጅ ቻፕማን ቀጥሎ ጽፎ አሰጠመው። የቻፕማን ጨዋ ግጥም ነው፤ እኔ ግን ጠዋቱ ላይ አቆማለሁ።

እስካሁን ያልኩት ለእንግሊዞቹ ይሠራል። ጣሊያን ስንሄድ ነገሩ ይሰፋል። ሉዶቪኮ አሪዮስቶ የፌራራ ቤተ መንግሥት ሰው ነበር። ‹‹ኦርላንዶ ፉሪዮሶ›› የተባለውን ሥራውን በ1516 አሳተመ፤ እያሻሻለ በ1532 ወደ 46 ምዕራፍ አደረሰው። እዚያ ውስጥ ዋናው መንገድ የትኛው እንደሆነ መለየት ያስቸግራል። አንዱን ፈረሰኛ ልክ ሰይፍ ሲመዝ ትቶት ይሄዳል። ብዙ ዓይነት ጨርቅ እየሸመንኩ ስለሆነ ብዙ ክር ያስፈልገኛል ይላል። ምዕራፍ 28 ላይማ የባለጌ ተረት ሊነግር ሲል ‹‹ሴቶች ሆይ፣ ይህን አትስሙ፤ ሦስት አራት ገጽ ዝለሉ፣ ታሪኩ ያለ እሱም ይቆማል›› ብሎ ያስጠነቅቃል። ከዚህ በኋላ የሚዘል አንባቢ ካለ አስተዋውቁኝ።

የዚህ ግጥም ልብ የኦርላንዶ እብደት ነው። አንጀሊካን ይወዳታል። ምዕራፍ 23 ላይ ስሟ መዶሮ ከሚባል ሌላ ወጣት ስም ጋር ዛፍ ላይ ተቀርጾ አገኘ። ልብሱን ጥሎ፣ ዛፍ እየነቀለ፣ አበደ። ቀጥታ መንገድ ቢሆን እዚህ ሐኪም ይመጣ ነበር። አሪዮስቶ ግን አስቶልፎ የሚባለውን እንግሊዛዊ ፈረሰኛ በክንፋም ፈረስ አሳፍሮ ወዴት ላከው? ወደ እኛ አገር።

ምዕራፍ 33 ላይ አስቶልፎ ኢትዮጵያ ይደርሳል። ንጉሡ ሰናፖ ይባላል፤ አውሮፓውያን ፕሬስተር ጆን የሚሉት። በበትረ መንግሥት ፋንታ መስቀል ይይዛል። የቤተ መንግሥቱ ድልድይ ሰንሰለትና የበሩ ማጠፊያ ሌላው ብረት በሚያደርግበት ቦታ ወርቅ ነው። የግብፅ ሡልጣን ይገብርለታል ይባላል። ምክንያቱም ሰናፖ ከፈለገ ዓባይን ከቀጥተኛ መንገዱ አውጥቶ ሌላ ቦታ ማፍሰስ ይችላል። ይህን ዛሬ አንብቦ ፈገግ የማይል ሐበሻ የለም። ወሬው አሪዮስቶ የፈጠረው አይደለም፤ በመካከለኛው ዘመን በግብፅም በአውሮፓም ሲናፈስ የኖረ ነው። እኔን የሚያስቀኝ ግን ቦታው ነው። ታሪክን ሁሉ ከመንገዱ የሚያስወጣ ገጣሚ፣ ቅያስ ውስጥ ገብቶ፣ ወንዝን ከመንገዱ ሊያስወጣ የሚችል ንጉሥ አገኘ።

ሰናፖ ግን ዕውር ነው። በወጣትነቱ በትዕቢት ተነሳስቶ ዓባይ የሚመነጭበትን ተራራ ሊይዝ ጦር አዘመተ። ከላይ ምድራዊ ገነት አለ። መልአክ ሠራዊቱን ፈጀው፤ እሱንም ዓይኑን አጠፋው። ማዕድ በቀረበ ቁጥር ሃርፒ የሚባሉ ሴት ፊት ያላቸው ወፎች እየመጡ ምግቡን ያበላሹበታል። ወርቅ በወርቅ ሆኖ የሚራብ ንጉሥ! አስቶልፎ በቀንደ መለከቱ አባረራቸው። እነሱን ተከትሎ ተራራው ሥር ደረሰ፤ ከተራራው ወደ ገነት፣ ከገነት ወደ ጨረቃ። ጨረቃ ላይ ሰው ምድር ላይ የጣለው ሁሉ ተከማችቷል፤ የፍቅረኞች እንባና እስትንፋስ፣ በከንቱ የባከነ ጊዜ። የኦርላንዶ አእምሮ በጠርሙስ ውስጥ ታሽጓል። እብደት ብቻ እዚያ የለም፤ እሱ ምድርን ጥሎ ሄዶ አያውቅምና። ኦርላንዶ ጠርሙሱን አሽትቶ የሚድነው ምዕራፍ 39 ላይ ነው። እንግዲህ በፍቅር ያበደው ሰው መድኃኒት የመጣው በቅያሱ መንገድ፣ በኢትዮጵያ በኩል ነው። ቀጥታ የሄዱት ሁሉ ምንም አላመጡለትም።

ቶርኳቶ ታሶ ሰናፖን ከአሪዮስቶ ተረከበው። ‹‹ነጻ የወጣችው ኢየሩሳሌም›› በ1581 ታተመች፤ በ1099 ስለተደረገው የመስቀል ጦርነት ናት። ክርስቲያኑ ታንክሬዲ በጠላት ወገን የምትዋጋውን ክሎሪንዳን ይወዳል። ምዕራፍ 12 ላይ ክሎሪንዳ በሌሊት ወጥታ የክርስቲያኖቹን የከበባ ግንብ ልታቃጥል ትነሳለች። ያሳደጋት ሽማግሌ አርሰቴ ይለምናታል። አልሰማ ስትለው ተቀምጦ ታሪክ ይጀምራል።

አባትሽ የኢትዮጵያው ሰናፖ ነው፣ ይላታል። እናትሽ ንግሥቲቱ ጥቁርና ቆንጆ ነበረች፤ ንጉሡ ግን ቀናተኛ ስለሆነ ከሰው ዓይን ደብቆ አኖራት። በእልፍኟ ግድግዳ ላይ ሥዕል ነበር። ነጭ ድንግል ዘንዶ አጠገብ ታስራለች፤ አንድ ፈረሰኛ ዘንዶውን በጦር ወግቶ ጥሎታል። ንግሥቲቱ እዚያ ሥዕል ፊት ስትጸልይ ኖራ ነጭ ልጅ ወለደች። ባሏ ምን እንደሚያስብ ፈርታ ልጅቷን ለእኔ ሰጠችኝ፤ አስጠምቃት ብላ አደራ አለችኝ። ጫካ ውስጥ ነብር አጠባችሽ። ጦረኛው ቅዱስ በሕልሜ መጥቶ አስጠምቃት አለኝ። እኔ ግን ክርስቲያን ስላልነበርኩ አደራውን ዘለልኩት። ትናንት ሌሊት ተመልሶ መጣ፤ ሰዓቱ ቀርቧል አለኝ።

ይህን ሳነብ መጽሐፉ ጠፍቶ ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ፊት የቆምኩ ይመስለኛል። ጊዮርጊስ በነጭ ፈረስ፣ ዘንዶው፣ ብሩታዊት። ታሶ ኢትዮጵያን አላያትም። ሐሳቡን ያገኘው ከሄሊዮዶረስ የግሪክ ልብ ወለድ ነው፤ በ1534 ባዝል ላይ ከታተመ በኋላ አውሮፓ ተሻምቶ ካነበበው። እዚያም የኢትዮጵያ ንግሥት ነጭ ልጅ ትወልዳለች፤ ሥዕሉ ግን የአንድሮሜዳ ነው። ታሶ አንድሮሜዳን አንስቶ ጊዮርጊስን አስቀመጠ። ሳያውቅ ትክክለኛውን ሥዕል በትክክለኛው አገር ሰቀለው።

አርሰቴ የሚያደርገው ቬነስ በጥንቸሉ ካደረገችው አይለይም። ወጣቷ እንዳትሄድ ወሬ ያረዝማል። እሱም አልተሳካለትም። ክሎሪንዳ ትንሽ አሰበች፤ እሷም ተመሳሳይ ሕልም አይታ ነበር። ግን ሄደች። ግንቡን አቃጠለች፤ የከተማው በር ተዘጋባት፤ ታንክሬዲ ማን እንደሆነች ሳያውቅ ሌሊቱን ሙሉ ተዋጋት። ስትወድቅ አጥምቀኝ አለችው። ከምንጭ ውሃ በራስ ቁሩ ቀድቶ መጣ፤ የፊቷን መሸፈኛ ሲያነሳ አወቃት። አሁን የአርሰቴን ወሬ ቆርጣችሁ አውጡት። ‹‹አጥምቀኝ›› ማለቷ ከሰማይ የወረደ ይሆናል። የእናት አደራ የተፈጸመው በገዳይዋ እጅ መሆኑን ማንም አያውቅም። ያ ሁሉ የሚያስለቅስ ነገር በሽማግሌው ቅያስ ላይ የቆመ ነው።

ታሶ ግን በቅያሶቹ እንቅልፍ አጥቶ ነበር። ዘመኑ የአርስቶትልን ሕግ ያነሳ ነበር፤ አንድ ግጥም አንድ ድርጊት ይኑረው የሚለውን። ገና ሳይታተም ሥራውን ያነበቡለት ሊቃውንት ምዕራፍ 2 ላይ ያሉትን ሶፍሮንያንና ኦሊንዶን ጠመዱበት። ሶፍሮንያ ሕዝቧን ለማዳን ያላደረገችውን አደረግሁ ብላ ወደ እሳት ትሄዳለች፤ በዝምታ የሚወዳት ኦሊንዶ እኔ ነኝ ይላል፤ ሁለቱም በአንድ ግንድ ላይ ጀርባ ለጀርባ ታሰሩ። ክሎሪንዳ ደርሳ አስፈታቻቸው፤ ከዚያ ከታሪኩ ወጡ፣ አልተመለሱም። ከዋናው ነገር ጋር አልተያያዘም ተባለ። እውነት ነው፣ አልተያያዘም። ታሶ በመጨረሻ ግጥሙን እንደገና ጽፎ ‹‹ድል የተደረገችው ኢየሩሳሌም›› ብሎ አሳተመ። ሁለቱን ፍቅረኞች ቆርጦ አወጣቸው። ይህም የሆነው በ1593 ነው፤ ዋት ለንደን ውስጥ በታተመበት ዓመት። ጣሊያኖች ዛሬም የሚያነቡት ሶፍሮንያ ያለችበትን ነው።